በገና ጨዋታ የሚሰደበው ጌታው ነበር

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላል የአገራችን ሰው። ብሂሉን በጆሮው ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብዬ አልገምትም፤ በሜዳ ላይ ሲሠራበት ያየ ሰው ግን እያነሰ ሄዷል። እኔ ካዩት ወገን ነኝ። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የተወለድሁ እንደ መሆኔ፣ ጤፉ ታጭዶ ማሳው ሲለቀቅ፣ በልደት ዕለት ከቀትር በኋላ፣ የላይ አገርና የታች አገር ተባብለን ለሁለት ተከፍለን ሩር ስንለጋ ነው ልጅነቴን ያሳለፍሁት።

የዚያ ጨዋታ ስድብ ሥርዓት ነበረው። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን ግጥም እየደረደረ ይሰድበዋል፤ ተሸናፊውም በሚቀጥለው ዓመት ተራው የእርሱ ሊሆን ይችላልና ዐንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ከዚያም ስድቡ በሜዳው ዳር ቆሞ ወደሚመለከተው ባለሥልጣን ይሻገራል። በአባቶቻችን ዘመን ጭቃ ሹሙ፣ በእኛ ዘመን ደግሞ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ በዓመት አንድ ቀን በአራሹና በእረኛው አፍ ስሙ እየተጠራ ገበናው ይዘረገፍ ነበር። ሆዱ ቢቆስልም ይስቃል እንጂ አይቆጣም። ፀሐይ ስትጠልቅ ነገሩ ያበቃል፤ ሰዳቢና ተሰዳቢ በአንድ ቤት ጠላ ይጠጣሉ።

እንግዲህ የገና ስድብ ሦስት ሕግጋት ነበሩት ማለት ነው። አንደኛ፣ ሰዳቢው በስሙና በፊቱ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ስድቡ በዚያው ዕለት ይጀምራል፣ በዚያው ዕለት ያልቃል። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ስድቡ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ ታናሹ ታላቁን፣ ተገዢው ገዢውን ይናገረዋል።

ዛሬ በየስልካችን ላይ በወጣት ስፖርተኞች ላይ የምናወርደው ስድብ ግን ሦስቱንም ሕግጋት የገለበጠ ነው። ሰዳቢው ስሙ የውሸት፣ ፎቶግራፉ የአንበሳ ወይም የአበባ ነው። ስድቡ ማብቂያ የለውም፤ ዛሬ የተጻፈው ከአሥር ዓመት በኋላም ይነበባል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አቅጣጫው ተቀይሯል፤ ጌታው ተትቶ ብላቴናው ይሰደባል። ዛሬ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለዚህ የአቅጣጫ መቀየር ነው። ጉዳዩ የስፖርት ቢመስልም የስፖርት ብቻ አይደለም፤ ይህ ልማድ በሜዳ ላይ የጀመረ ወይም በሜዳ ላይ የሚቀር አይደለምና።

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ከራሴ ልጀምር።

በ2005 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ብሔራዊ ቡድናችን ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ከተሸነፈ በኋላ ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰበት ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለመግባት በሚደረገው ማጣሪያም ምድቡን እየመራ ነበር። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሎባትሴ 2 ለ 1፣ ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን በአዲስ አበባ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሕዝቡ በየጎዳናው ሲጨፍር ግን ፊፋ አንድ መግለጫ አወጣ። ምንያህል ተሾመ በሁለት የተለያዩ የማጣሪያ ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ ያየ በመሆኑ በቦትስዋናው ጨዋታ መሰለፍ አይገባውም ነበር የሚል ነው። ውሎ አድሮ ያ ድል ተሰረዘ፤ ለቦትስዋና በ3 ለ 0 ውጤት ተመዘገበላት።

ያን ሰሞን ሌሊት በፌስቡክ ገጼ ላይ ስለ ምንያህል የጻፍሁትን እዚህ አልደግመውም። ስሙን ጠርቼ፣ አእምሮውን ሰድቤ፣ አገሩን እንደ ሸጠ ሰው አድርጌ ጻፍሁ። ብዙ ሰዎች ወደዱልኝ። ወዲያው የፌዴሬሽኑ አመራር ስሕተቱ የራሱ መሆኑን በይፋ አመነ። እኔ ግን የጻፍሁትን ለማረም አንድ ቃል እንኳ አልጨመርሁም።

እስቲ ነገሩን በእርጋታ እንመልከተው። የካርድ መዝገብ የሚያዘው የት ነው? በቢሮ ነው። የቅጣት ማስታወቂያ የሚላከው ለማን ነው? ለፌዴሬሽኑ ነው። ተጫዋቹ በስም ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ የሚወስነው ማን ነው? ዝርዝሩን የሚያዘጋጁትና የሚፈርሙት ናቸው። «ተጫዋቹስ ቢሆን የራሱን ካርድ መቁጠር አልነበረበትም ወይ?» የሚል ይኖራል። ቢቆጥር መልካም ነበር። ነገር ግን ለመቁጠር ወንበር የተሰጣቸው ሰዎች ሳይቆጥሩ ቀርተው፣ እንዲሮጥ የተላከው ሰው ስለ ሮጠ የሚሰደብበት ምክንያት ምንድን ነው?

ምንያህል ለእኔና ለመሰሎቼ የሰጠው መልስ በጽሑፍ አልነበረም። ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም. ብራዛቪል ላይ ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር በተደረገው የመጨረሻ የምድብ ጨዋታ ቡድናችን አስቀድሞ ጎል ተቆጠረበት። አቻ የምታደርገውን ጎል ያገባው ምንያህል ተሾመ ነበር። ሳላዲን ሰዒድ ሁለተኛውን ጨመረና 2 ለ 1 አሸንፈን፣ ሦስት ነጥብ የተቀነሰብን ብንሆንም ምድቡን በአንደኝነት ጨረስን። ያን ዕለት ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ የጮህሁት እኔው፣ ከሁለት ወር በፊት የሰደብሁት እኔው ነኝ። በጥቅምትና በኅዳር 2006 ዓ.ም. በናይጄሪያ ተሸንፈን ከብራዚል ስንቀር ደግሞ የምሰድበው ሌላ ሰው ፈለግሁ። የጻፍሁትን የሰረዝሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። መሰረዙ የፊደሉን እንጂ የሥራዬን አልሰረዘም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባናል። ሂስ አንድ ነገር ነው፤ ስድብ ሌላ ነገር ነው። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ደግሞ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። የጀማል አወጣጥ አደገኛ ነበር፣ ኳሷን በሌላ መንገድ መከላከል ይችል ነበር ማለት ሂስ ነው። ተገቢም ነው፤ ሙያው የሚያድገው በእንዲህ ያለ ሂስ ነው። የእናቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀዬ፣ የፊቱን መልክ ማንሣት ግን ከግብ ጠባቂነት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በዐሥር ሰው የቀሩት እነዚያ ልጆች በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 መውጣታቸውን ረስቶ ስድቡን ብቻ የሚያስታውስ ሰው ኳስ አልተመለከተም።

ልዩነቱ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ ነው። በመክፈቻው ዕለት ሰንደቅ ዓላማችንን ይዞ የገባው የ24 ዓመቱ ዋናተኛ ሮቤል ኪሮስ ሀብቴ፣ ነሐሴ 3 ቀን በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ማጣሪያ 1 ደቂቃ ከ4 ሰኮንድ ከ95 ገብቶ ከ59 ተወዳዳሪዎች የመጨረሻው ሆነ። ሰውነቱ ከሌሎቹ ዋናተኞች ሞላ ያለ ስለ ነበር በአንድ ሌሊት የዓለም መሳቂያ አደረጉት፤ «ዓሣ ነባሪው ሮቤል» የሚል ስም አወጡለት። ከዓለሙ ጋር እኛም ሳቅን፤ እንዲያውም የእኛ ሳቅ ይብስ ነበር።

በዚያ ጉዳይ ውስጥ ግን አንድ እውነተኛ ጥያቄ ነበረ። የዋናተኛው አባት የአገሪቱ ውኃ ዋና ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። ወደ ኦሊምፒክ የሚሄደው ሰው እንዴት ተመረጠ? ከእርሱ ጋር የተወዳደሩት እነማን ነበሩ? በጣና፣ በሐዋሳና በባቦጋያ ዳር የሚያድጉ ልጆች ለዚያ ውድድር የሚታዩበት መንገድ ነበር ወይ? ይህን መጠየቅ የዜጋ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው። ታዲያ ምን ሆነ? የምንጠይቀው ጥያቄ ወደ ፌዴሬሽኑ የሚሄድ ሲሆን፣ የስድባችን ጎርፍ የሄደው ወደ አንድ ወጣት ሆድ ነው። ሆዱን ስንቆጥር መዝገቡን ሳንቆጥር ቀረን። በስድባችን የጠቀምነው ማንን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ወጣቱ የመለሰውን መልስ ግን እወድለታለሁ። በአገሩ ሁሉም ሰው እንደሚሮጥ፣ እርሱ ግን የተለየ ነገር ለመሥራት እንደ ፈለገና በኦሊምፒክ በመወዳደሩ ደስተኛ እንደ ሆነ ለጋዜጠኞች ተናገረ። አልተሳደበም፤ አልተደበቀምም። በምርጫው ላይ ያለኝ ጥያቄ እንዳለ ሆኖ፣ በዚያ ዕለት ከሁላችን ይልቅ ጨዋ የነበረው እርሱ ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ሐምሌ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. እንግሊዝ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ በጣሊያን ስትሸነፍ የመጨረሻውን መለያ ምት የሳተው የ19 ዓመቱ ቡካዮ ሳካ ነበር። በእርሱና በሁለት ጓደኞቹ ላይ በቆዳቸው ቀለም የተነሣ የወረደው ስድብ ፖሊስ ሰዎችን እስከ ማሰር አደረሰው። ፊፋም በ2022 እ.ኤ.አ. የኳታር ዓለም ዋንጫ ተጫዋቾችን ከእንዲህ ያለ ስድብ የሚጠብቅ አገልግሎት አቋቋመ። ነገር ግን የሳካ ጉዳይ ከእኛ ልጆች ጉዳይ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሳካ ከተሰደበ በኋላ የሚመለስበት ክለብ፣ የሚያክመው ሐኪም፣ የሚከራከርለት ማኅበር፣ የሚከፈለው ደመወዝ ነበረው። የእኛስ ልጅ?

ስለ አንድ የእኛ ልጅ ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም፤ የተጫወተበትንም ክለብ አልጠራም። በአገራችን ከፍኖተ ሰላምም ሆነ ከቡሬ ወጥቶ በፕሪሚየር ሊግ የተሰለፈ ክለብ የለም። ስለዚህ በሊበንም ሆነ በዳሞት፣ በጃቢም ሆነ በወምበርማ እግሩ የሰላ ልጅ ሲገኝ አገሩን ለቅቆ ከመሄድ በቀር ምርጫ የለውም። የጎረቤቴ ልጅም እንደዚሁ ሄደ። ለጉዞው፣ ለጫማው፣ «አስገባሃለሁ» ላለው ደላላ የሚከፈለው ገንዘብ የተገኘው ከቤቱ ሁለት በሬዎች አንዱ ተሸጦ ነው። በሬ መሸጥ ለገጠር ቤት ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ልጁ በታችኛው ሊግ አንድ ክለብ ገባ፤ ተከላካይ ነበር። በአንድ ጨዋታ ማብቂያ ላይ ለግብ ጠባቂው የመለሳት ኳስ አጠረችና ጎል ሆነች። በስልክ የተቀረጸችው ያቺ ቅጽበት ሌሊቱን ስትዞር አደረች። ከሥሯ ከተጻፉት ስድቦች አንዱ «ሂድና በሬህን ጥመድ፣ ገበሬ!» ይላል። በማግሥቱ ደወለልኝ። ሲያለቅስ የነበረ መሆኑ በድምፁ ያስታውቃል፤ ግን ቀልድ ቢጤ ሞከረ። «አያ፣ አንድ በሬ ብቻውን ይጠመዳል እንዴ?» አለኝ።

«ልመልስላቸው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ተው፣ እለፈው» አልሁት። ዛሬ ሳስበው በቂ ምክር አልነበረም። የሃያ ዓመት ልጅ ብቻውን በተከራየው ክፍል ተኝቶ ሌሊቱን ሙሉ ስድብ ሲያነብ «እለፈው» ማለት ለተናጋሪው ይቀላል። በሦስተኛው ሌሊት አልቻለም። ራሱን በስልኩ ቀርጾ መለሰላቸው። ከስድቡ ጋር አንድ እውነትም አመለጠው፤ ሦስት ወር ደመወዝ ሳይከፈለው እየተጫወተ መሆኑን ተናገረ።

ክለቡ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? «የክለቡን ስም አጉድፈሃል» ብሎ የአንድ ወር ደመወዝ ቀጣው። ያልከፈለውን ደመወዝ ቀጣው ማለት ነው! ተሳዳቢዎቹስ? ስለ ሦስቱ ወር ደመወዝ የጠየቀ አንድም ሰው አላየሁም። ሁሉም የተከራከረው ልጁ በንዴት ስለ ተናገራት አንዲት ቃል ነበር። ለክለቡ መሪዎች ከዚህ የበለጠ በረከት ከየት ይመጣል?

ከጥቂት ወራት በኋላ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ውሉ በዚያው ዓመት መጨረሻ አበቃ፤ አልታደሰለትም። የሕክምናውን ገንዘብ ዘመድ አዝማድ አዋጣለት። ዛሬ ቀዬው ገብቶ፣ የቀረውን አንድ በሬ ከአጎቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ያርሳል። ቁልቁለት ሲወርድ ያነክሳል።

እግር ኳስ በአገራችን እንዲህ ያለ ቁማር ነው። አንድ ልጅ የሚያስይዘው የዐሥራ ስምንት ዓመት ጉልበቱን ብቻ አይደለም፤ ትምህርቱን፣ የቤቱን በሬ፣ የወንድሞቹን ድርሻ ጭምር ነው። ክለቦቻችን በአብዛኛው የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ድርጅቶች በጀት እንጂ ራሳቸው በሚያገኙት ገቢ አይደለም። በጀት ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፤ ሹም ሲቀየር ክለቡ ይናጋል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሊጉ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት፣ የ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮን የነበረውን መቐለ 70 እንደርታን ጨምሮ፣ ሦስት የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ተለዩ። በዚያው በ2013 ዓ.ም. 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን የሰበረው አቡበከር ናስር እንኳ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ከተሻገረ በኋላ ጉዳት ደጋግሞ ከሜዳ አርቆታል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተብሎ ተወሰነ። ለጣሪያው ይህን ያህል ታሰበ፤ ስለ ወለሉ ግን፣ ሦስት ወር ሳይከፈለው ስለሚጫወተው ልጅ፣ ማን ተሰበሰበ?

«ልጆቹ ከኳሱ ጎን ለጎን ይማሩ» የሚል ምክር እሰማለሁ። መልካም ምክር ነው። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በአየር በተፈጸመው ጥቃት በርካታ ሰዎች አልቀዋል። ለብዙ ወራትም የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋርጦ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ከስድቡ ያረፈው ያን ጊዜ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዕረፍት ግን ማንም ለማንም አይመኝ። ትምህርት ቤቱ ለተዘጋበት ልጅ «ተማር»፣ ሜዳው ለተዘጋበት ልጅ «ተጫወት»፣ በሬው ለተሸጠበት ልጅ «ጥመድ» ማለት ምክር ሳይሆን ስላቅ ነው።

ስድብ ሲውል ሲያድር የት እንደሚደርስም አይተናል። ኅዳር 24 ቀን 2010 ዓ.ም. በወልድያና በመቀለ ከተማ ክለቦች መካከል ሊደረግ የነበረው ጨዋታ በወልድያ በተነሣ ብጥብጥ ሳይካሄድ ቀረ። የተጫዋች መለያ የብሔር መታወቂያ ሆኖ የተቆጠረበት ዘመን ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ጦርነቱን ያመጣው የስታዲየም ስድብ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር አልናገርም። ነገር ግን የሃያ ዓመት ልጅን በዘሩ መስደብ የለመደ አፍ፣ በኋላ ጎረቤቱን ለመስደብ አይቸገርም።

«ታዲያ ዝም እንበል?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እነዚህ ክለቦች በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ ናቸውና መተቸት አለባቸው። በሕግ ይከልከልልን ማለቴም አይደለም። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከወጣ ቆይቷል፤ አዋጅ ግን የብላቴናውን ጀርባ ከመከለሉ በፊት የጌታውን ወንበር እንደሚከልል ከታሪካችን ተምረናል። እኔ የምለው ስድቡ ይቁም፣ ጥያቄው ይበርታ፣ አቅጣጫውም ይስተካከል ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ካፍ የባሕር ዳርን ስታዲየም ስለ ከለከለ ብሔራዊ ቡድናችን «በሜዳዬ» የሚለውን ጨዋታ በባዕድ አገር ሲያደርግ ኖረ። ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት የሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ታላቅ ድል እንኳ የተገኘው በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው። በገዛ አገሩ የሚጫወትበት ሜዳ ያጣ ወጣት ኳስ ሲስት ከሰደብነው፣ ሜዳውን ሳያሟላ የቀረው ሰው ምን ይባል?

ለወጣቶቹ ስፖርተኞች ሦስት ነገር ልበል፤ ለጎረቤቴ ልጅ በጊዜው ሳልነግረው የቀረሁትን ነው። በመጀመሪያ፣ በሌሊት አትመልሱ። የሚነድ ሰው የጻፈው መልስ ለጠላቱ የተላከ መሣሪያ ነው። ሁለተኛ፣ ስድቡንና ጥያቄውን ለዩ። አጨዋወታችሁን የጠየቀ ሰው አስተማሪያችሁ ሊሆን ይችላል፤ ስሙት። እናታችሁን የሰደበ ሰው የሚጠይቀው ነገር የለውም፤ የምትመልሱለትም የለም። ሦስተኛ፣ እውነታችሁን በስድብ መካከል አትጣሉት። ደመወዝ ካልተከፈላችሁ በቁጣ ቪዲዮ ሳይሆን በተፈረመ ደብዳቤ ተናገሩ። በፊፋ የተጫዋቾች ደንብ መሠረት ሁለት የወር ደመወዝ በአግባቡ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን በበቂ ምክንያት ሊያቋርጥ ይችላል። ስንት ልጅ ይህን ያውቃል? ስንቱስ የፈረመው ውል ቅጂ በእጁ አለ? ውላችሁን ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ከፈረማችሁም ቅጂውን ያዙ። ስለ ጉዳት ሕክምና የሚናገር አንቀጽ ከሌለው «የት አለ?» በሉ።

ለእኛ ለተመልካቾች ደግሞ የአባቶቻችንን የገና ሕግ እመክራለሁ። የምትናገሩትን በስማችሁ ተናገሩ። ጨዋታው ሲያበቃ ነገሩም ይብቃ። ከሁሉም በላይ ከመጻፋችሁ በፊት ቀና በሉና በሜዳው ዳር ማን እንደ ቆመ ተመልከቱ። ካርዱን ያልቆጠረው፣ ደመወዙን ያልከፈለው፣ ሜዳውን ያልሠራው፣ ልጁ ሲሰበር ስልኩን የዘጋው ጌታ እዚያ ቆሟል። በገና ጨዋታ አይቆጡም የተባለው ለእርሱ ነው እንጂ ለብላቴናው አልነበረም።

የጎረቤቴን ልጅ በቅርቡ በስልክ አገኘሁት። ይህን ልጽፍ እንደ ሆነ ነግሬ ፈቃዱን ጠየቅሁት። «ጻፈው አያ፤ ስሜን ግን ተወው» አለኝ። «ስሜን ካነሣህ ያቺን ቪዲዮ ፈልገው ያወጧታል» አለ። ከዓመታት በኋላ፣ ከእርሻ ማሳው ላይ ሆኖ፣ ዛሬም የሚፈራው ጉልበቱን ሳይሆን እኛን ነው።

ቸር ይግጠመን።